ማመልከቻው ለማን ይጻፍ? የጤናና የአካል ጉዳት ጉዳይ ላለው ሰው

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ እቀመጣለሁ። ግራ እግሬን በልጅነቴ ፖሊዮ ስላገኘው የምሄደው በክራንች ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ግማሹን ከደንበኞቼ፣ ግማሹን ከራሴ ፋይል ነው የተማርኩት።

ሰው ፋይሉን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣና "ለጤና ሚኒስትሯ ጻፊልኝ" ይለኛል። ለምን ስል "ትልቋ እሳቸው አይደሉ እንዴ?" ይላል። ትልቅነታቸውስ ልክ ነው። ግን የአገር ትልቅ መሆንና የአንድ ጉዳይ አለቃ መሆን ይለያያል። ደብዳቤው ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት ከገባ፣ ሰውየው ሲመላለስ ከርሞ "የሚመለከተውን አካል ይጠይቁ" የምትል አንድ መስመር ይዞ ይመለሳል። ከዚያ እንደገና እኔ ጋ።

ስለዚህ ኪቦርዱን ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ እምቢ ያለህ ሰው አለቃው ማነው? ይህን ካወቃችሁ ደብዳቤው ግማሹ ተጻፈ ማለት ነው።

ሆስፒታሉ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች ባለቤታቸው አንድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታ፣ የካቲት 12፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ጋንዲና ጥሩነሽ ቤጂንግ የከተማው ናቸው። የሚመራቸው የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ነው። ቢሮው ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ አካል ስለሆነ መጨረሻው ከንቲባ ጋ ይደርሳል። ቅዱስ ጳውሎስ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ አለርት፣ አማኑኤልና ኤካ ኮተቤ የፌዴራል ናቸው፤ ተጠሪነታቸው ለጤና ሚኒስቴር ነው። ጥቁር አንበሳስ? ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ስናገር ፊቴን ትክ ብሎ ያላየኝ ደንበኛ የለም። በአገሪቱ ስሙ የገነነው ሆስፒታል ሐኪም የሚያሰለጥን የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስለሆነ፣ የአስተዳደር ቅሬታ ከሆስፒታሉ አመራር ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው። ጦር ኃይሎች ደግሞ የመከላከያ ነው፤ እሱ ሌላ ዓለም ነው።

ታዲያ ሚኒስቴሩ ሥራው ምንድነው? ፖሊሲ ያወጣል። አገሪቱ ለብዙ ዓመታት ስትጠቅሰው የኖረችው የጤና ፖሊሲ በ1985 የወጣው ነው። የአምስት ዓመት ዕቅድ ያዘጋጃል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ከለጋሾች የሚመጣውን ገንዘብ ያስተባብራል፣ የራሱን ሆስፒታሎች ያስተዳድራል። ሚኒስትሩን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ዶ/ር መቅደስ ዳባ በ2016 ዶ/ር ሊያ ታደሰን የተኩት በዚሁ መንገድ ነው። የከተማውን ጤና ቢሮ ኃላፊ ግን ሚኒስትሯ አይሾሙም፣ አይሽሩም። አገሩ ፌዴራል ነዋ! ስለዚህ በከተማው ሆስፒታል የተጉላላ ሰው ለሚኒስቴሩ ቢጽፍ፣ ሚኒስቴሩ በትሕትና ወደ ቢሮው ይመራዋል። በቀጥታ ለቢሮው ቢጽፍ ኖሮ ያንን ሁሉ ጊዜ ይቆጥብ ነበር።

እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥም አለቃ ከአለቃ ይለያል። ከሁሉም በላይ የሥራ አመራር ቦርድ አለ። ከእሱ በታች ዋና ሥራ አስፈጻሚው ነው። የሕክምናውን ሥራ የሚመራ የሕክምና ዳይሬክተር አለ፣ ነርሶችን የምትመራ ሜትሮን አለች። ካርዴ ጠፋ፣ ደረሰኝ ተከለከልኩ፣ ቀጠሮ ያለአግባብ ተገፋብኝ የሚል ሰው ለሥራ አስፈጻሚው ይጻፍ። ቀዶ ሕክምናው፣ ምርመራው፣ ሐኪሙ የሚል ለሕክምና ዳይሬክተሩ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አትቀላቅሉ። የተቀላቀለ ማመልከቻ ሁለቱም ቢሮዎች "የዚያኛው ነው" ለማለት ይመቻቸዋል።

ከሆስፒታል ውጭ ያለውን ቶሎ ልበለው። መድኃኒቱ ጥራቱ ወይም ቀኑ ካጠራጠራችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ነፃ ስልኩ 8482። መድኃኒት "የለም" ከተባላችሁ ግን ጉዳዩ የአቅርቦት ነው። ለመንግሥት ሆስፒታሎች ገዝቶ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፣ እናንተን ግን መልስ መስጠት ያለበት ሆስፒታሉ ራሱ ነው። እስከዚያው የከነማንና የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤቶች ጠይቁ። የግል ክሊኒክ ላይ ቅሬታ ካላችሁ ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው የከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስለ አጠቃላይ የጤና ጉዳይ የሚኒስቴሩ 952 አለ፣ ደውላችሁ ብትጠይቁ አትከፍሉም።

መንገዱ ከታች ይጀምራል

የጤናው ሥርዓት ሦስት እርከን አለው። የመጀመሪያው ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛው አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ከተማ ውስጥ ጤና ኬላ ስለሌለ ለእኛ በሩ የወረዳችን ጤና ጣቢያ ነው። በ2002 ከተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ወዲህ ቤት ለቤት የሚዞሩ ባለሙያዎችም አሉ። ብዙ ሰው በር ላይ አነጋግሮ ይሸኛቸዋል እንጂ፣ አልጋ ላይ የዋለ ቤተሰብ ላለው ሰው ከማንም ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ጤና ጣቢያውን ዘሎ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ካርድ ክፍል መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ሪፈር፣ ማለትም ጤና ጣቢያው ወደ እነሱ የላከበትን ወረቀት ነው። በተለይ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ሪፈሩን በቅደም ተከተል አጽፉ፣ ካልሆነ ወጪው በእናንተው ኪስ ሊቀር ይችላል። መድኑ አገሪቱ ውስጥ በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የሰፋው። መዋጮውን መክፈል ለማይችል ሰው መንግሥት ይሸፍናል። ማን መክፈል አይችልም የሚለውን ግን የሚመለምለው ወረዳው ነው። ስለዚህ "ድሃ ነኝ" የሚለው ማመልከቻ ለወረዳ እንጂ ለሆስፒታል አይጻፍም። ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ተቋም ድሃም ሀብታምም ሳይባል ነፃ ነው።

ድንገተኛ ሕመም ሪፈር አይጠይቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939።

አካል ጉዳት ሌላ ቤት ነው

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር ልምጣ።

ብዙ ሰው አካል ጉዳተኝነትን የሐኪም ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያየው። ሕክምናው አዎ፣ የጤና ነው። መብቱ፣ ድጋፉ፣ ሥራው፣ ትምህርቱ ግን የጤና ሚኒስቴር አይደለም። ድሮ ሁሉም ነገር "ሠራተኛና ማህበራዊ" በምንለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። በአዋጅ 1263/2014 ያ ቤት ለሁለት ተከፈለ። ማህበራዊው ወደ ሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደ፤ በወቅቱ በሚኒስትርነት የተሾሙት ዶ/ር ኤርጎጌ ተስፋዬ ናቸው። የሠራተኛው ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ። ሰው ግን እስከ ዛሬ "ለሠራተኛና ማህበራዊ ጻፊልኝ" ይለኛል። አሁን በዚያ ስም የሚቀበል በር የለም።

በተግባር እንዲህ ክፈሉት። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ዊልቸር፣ የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ፣ ወላጅ ያጣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ሲሆን ወረዳችሁ ያለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው መጀመሪያው። ከእሱ በላይ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያ የከተማው ቢሮ። በግል ድርጅት ውስጥ ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ጉዳዩ የሥራና ክህሎት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የሲቪል ሰርቪሱ መሥሪያ ቤት። ልጄን ትምህርት ቤት አልቀበልም አሉኝ የምትል እናት ትምህርት ቢሮ ትሂድ፣ ጤና ቢሮ ምንም አያደርግላትም። ሰው ሠራሽ እግርና ብረት ድጋፍ ደግሞ በመሃል ነው ያለው። ሐኪም ያዝዘዋል፣ የአካል ተሐድሶ ማዕከሎቹ ግን ለብዙ ዘመን በማህበራዊ ጉዳይ በኩል ነው የተያዙት። ስለዚህ ለዚህኛው ሁለቱንም ወረቀት ያዙ፣ የሐኪሙን ትዕዛዝም የወረዳውን ደብዳቤም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለበት ወረዳ አውቃለሁ። ሊፍት የለውም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር፣ ሕንፃው ግን አልሰማም። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥማችሁ ደረጃ እየተጎተታችሁ አትውጡ። ለጥበቃው "ባለሙያውን ጥሩልኝ" በሉት። ይወርዳሉ። ያለመውረድ መብት የላቸውም፣ እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። ጥበቃዎቹ ራሳቸው "ቁጭ በይ የኔ እህት፣ እኔ እወጣልሻለሁ" ይላሉ።

ሕጎቹን በስማቸው ጥሩ። "መብቴ ነው" ከማለት "በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት" ማለት ይሻላል። ይህ አዋጅ አካል ጉዳተኛን በሥራ ቅጥር ማግለል ይከለክላል። ከሁሉም የምወድለት ነገር የማስረዳት ሸክምን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክሙ በእሱ ላይ አይደለም። አሠሪው ነው አላደላሁም ብሎ የሚያስረዳው። ይህን አንቀጽ በማመልከቻ ውስጥ ያነበበ የሰው ኃይል ኃላፊ አነጋገሩ ወዲያው ሲለወጥ አይቻለሁ። አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን ምቹ ሁኔታ የማመቻቸት ግዴታም አለበት። ከዚህ ሌላ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ 676/2002 ጸድቋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያና እርዳታ ይመድባል ይላል። "አቅሙ በፈቀደ" የምትለዋን ቃል ኃላፊዎች በደንብ ያውቋታል፣ እናንተም እወቋት።

የቦርድ ወረቀት

ለብዙ ነገር የሚጠየቀው የሕክምና ቦርድ፣ ማለትም አንድ ላይ ሆነው የሚወስኑ ሐኪሞች፣ ማስረጃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግም የጉዳቱን መጠን የሚወስነው ሥልጣን የተሰጠው የሕክምና ቦርድ ነው፣ አንድ ሐኪም ብቻውን አይደለም። ባለፈው አንድ ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ ጣቶቹን ማሽን በልቶበት መጣ። የያዘው አንዲት ሐኪም የጻፈችለትን ወረቀት ነበር። ጥሩ ወረቀት ነው፣ ምን እንደደረሰበት ይናገራል፣ ግን በመቶኛ ስንት እንደተጎዳ አይልም። ኢንሹራንሱና አሠሪው የሚፈልጉት ቁጥሩን ነው።

ቦርድ ለመቅረብ ብዙ ጊዜ ጠያቂው መሥሪያ ቤት መሆን አለበት። ማለትም አሠሪው፣ ፍርድ ቤቱ ወይም ጽሕፈት ቤቱ "ለቦርድ ይቅረብልን" ብሎ ለሆስፒታሉ ሸኚ ደብዳቤ ይጽፋል። ስለዚህ እናንተ የምትጽፉት ለሆስፒታሉ ሳይሆን ሸኚውን ለሚሰጣችሁ አካል ነው። ከሸኚው ጋር መታወቂያ፣ የካርድ ቁጥር፣ የቆዩ ራጅና የምርመራ ውጤቶችን ያዙ። ውጤቱ ሲወጣ በፖስታ ታሽጎ ለጠየቀው መሥሪያ ቤት ሊላክ ይችላል። ፖስታውን አትክፈቱት፤ ማህተሙ ከተነካ አይቀበሉም።

ደብዳቤው ሲጻፍ

የኔ ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ ........
ለ........ ክፍለ ከተማ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ ለሕክምና ቦርድ ሸኚ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ

"እኔ አመልካች በ........ ድርጅት በጥበቃ ሥራ ተቀጥሬ ስሠራ፣ በቀን ........ በሥራ ላይ እያለሁ በቀኝ እጄ ላይ ጉዳት ደርሶብኛል። ሕክምናዬን በካርድ ቁጥር ........ ተከታትያለሁ። አሠሪዬ ለቦርድ እንዲልከኝ በቀን ........ በጽሑፍ ብጠይቅም መልስ አልሰጠኝም። ስለዚህ የጉዳቴ መጠን በሕክምና ቦርድ እንዲወሰን ለሆስፒታሉ ሸኚ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ማስረጃዎቼን 4 ገጽ አያይዣለሁ።"

ከዚያ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ። ከታች ግልባጭ፦ ለድርጅቱ አስተዳደር።

አራት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ ማን ነኝ፣ ምን ሆንኩ፣ ማንን ጠየቅኩ፣ አሁን ምን ይደረግልኝ። ደንበኞቼ እዚህ ላይ ይጣሉኛል። "እንባዬ ይታበስ የሚለውን ጨምሪበት እንጂ! አምስት ልጅ እንዳለኝ ለምን አትጽፊም?" ይሉኛል። እትዬ፣ እላለሁ፣ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ የምታነበው "ጉዳዩ" የሚለውን መስመር ነው፤ እሱን አይታ ነው ወደ የትኛው ክፍል እንደሚመራ የምትወስነው። "ጉዳዩ፦ አቤቱታ" ብሎ የመጣ ወረቀት መጨረሻው ጠረጴዛ ማሞቅ ነው። ልጆቻችሁን ለድጋፍ ስትጠይቁ ጻፏቸው፣ እዚያ ያስፈልጋሉ። ለቦርድ ግን አይረዱም።

ኦርጅናል ሰነድ ለማንም አትስጡ። ኮፒውን አያይዙ፣ ኦርጅናሉን ለማመሳከር ብቻ አሳዩ።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱን ይወስዳሉ። በሁለተኛው ላይ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርጉበት። ይህን ሳታስደርጉ ከወጣችሁ ደብዳቤ አላስገባችሁም። ጸሐፊዋ "ችግር የለም፣ እኔ አለሁ" ብትል እንኳ በፈገግታ "ግዴለም የኔ ቆንጆ፣ ለራሴ እንዲሆን ነው" ብላችሁ ቁሙ። ሳምንት ቆይታችሁ ስትመለሱ "ደብዳቤዬስ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "በገቢ ቁጥር እንዲህ የገባው ለማን ተመራ?" በሉ። ያን ጊዜ መዝገቡ ይገለጣል፣ የዳይሬክቶሬቱ ስም ይነገራችኋል፣ ቀጥታ ወደዚያ ክፍል ትሄዳላችሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው መባሉ አይቀርም። ባለሙያውን አግኙ፤ መልሱን የሚያረቀው እሱ ነው፣ ኃላፊው የሚፈርመው።

መልስ ከጠፋ

ሁለተኛውን ደብዳቤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የቀድሞውን ገቢ ቁጥርና ቀን አስገብታችሁ ለዚያው ቢሮ ጻፉ። ልዩነቱ ግልባጩ ነው። አሁን ግልባጭ ለበላዩ ይሂድ፦ ከወረዳ ከሆነ ለክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ከሆነ ለቢሮ፣ ከከተማ ሆስፒታል ከሆነ ለጤና ቢሮ፣ ከፌዴራል ሆስፒታል ከሆነ ለሚኒስቴሩ። ቀጥታ ለበላዩ ብቻ መጻፍ የታችኛውን ያስቆጣል፣ ፋይላችሁ ደግሞ ያለው እሱ እጅ ነው።

ብቻችሁን አትሂዱ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማህበር፣ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማህበር፣ የአካል ጉዳተኞች ማህበራት ፌዴሬሽን አሉ። የማህበር የድጋፍ ደብዳቤ ከማመልከቻችሁ ጋር ሲያያዝ ክብደት አለው። የሕግ ምክር የሚሰጡም አሉ። በ2010 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው የትነበርሽ ንጉሤ ራሷ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት፤ ከዚህ ዓይነቱ ትግል ነው የወጣችው። መስማት የተሳነው ሰው አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ከሆነ ማህበሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቢሮው በር ላይ ደርሳችሁ አይደለም።

ቢሮዎቹን ሁሉ ጨርሳችሁ ከሆነ ሁለት ቦታ ይቀራል። የአስተዳደር በደል ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የመብት ጥሰት ወይም አድልዎ ከሆነ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን። ኮሚሽኑ የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት የሚከታተል የሥራ ክፍል አለው። ሁለቱም ጋ ስትሄዱ ገቢ የሆኑትን ቅጂዎች በቀን ቅደም ተከተል ደርድራችሁ ያዙ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ከከፈታችሁት እንባ ጠባቂ አይነካውም። ስለዚህ ጠበቃ ከመያዛችሁ በፊት ነው እዚያ መሄድ ያለባችሁ።